የአይረንማን የብስክሌት መንገድን ከውድድሩ በፊት እንዴት እንይ? ፍራንክፈርትን ምሳሌ አድርገን

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው ሁሌም ስለ አይረንማን ነው፤ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን ስለሚከታተሉበት ውድድር። «ፍራንክፈርት ተመዝግቤያለሁ። የብስክሌቱን መንገድ ቀድሜ ልየው ወይ? ሙሉውን 180 ኪሎ ሜትር ልንዳው?» ከስቶክሆልም ይደውላሉ፤ ከሮም ይደውላሉ፤ ባለፈው ከአዲስ አበባ የደወለልኝ ልጅም ነበር። ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነው። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ሁልጊዜ የምረሳት ነገር አለች። ስለዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ ይኸው። አዎ፣ እዩት። ግን በውድድሩ ሳምንት ሙሉውን አትንዱት። ሙሉውን በመኪና ዙሩት፤ ከባድ ከባዱን ብቻ በብስክሌት ሂዱበት። ይህ ልምምድ አይደለም። ከዚህ ጉዞ ይዛችሁ የምትመለሱት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷ ላይ ማርሽ የት እንደምትቀይሩ፣ ፍሬን የት እንደምትይዙ፣ የት እንደምትጠጡ ይጻፋል። ከአራት ሰዓት ፔዳል በኋላ ጭንቅላት ማሰብ ይደክመዋል። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ ቀድማችሁ የወሰናችሁት ነገር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዘንድሮው የመንገድ ፋይል (ጂፒኤክስ)፣ ከውድድሩ ድረ ገጽ የወረደ
- ፋይሉን የሚያነብ የብስክሌት ኮምፒውተር ወይም ስልክ
- መኪና፣ የሚነዳላችሁ ሰው፣ ደብተርና እስክሪብቶ
- የምትወዳደሩበት ብስክሌት፣ በምትወዳደሩበት ጎማና በምትወዳደሩበት የኮዳ መያዣ
- ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ መንፊያ
- ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት
- መታወቂያ፣ የባንክ ካርድ፣ የተሞላ ስልክ
- ወፍራም ላስቲክ (ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ)
- ነጭ ፕላስተርና የማይለቅ ማርከር

1. የዘንድሮውን ፋይል ያዙ

ከጓደኛ የተላከ የአምና ፋይል አትጠቀሙ። በመንገድ ሥራ ምክንያት መስመሩ ይቀየራል። አንድ መታጠፊያ ብቻ ቢቀየር እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ሁሉ ይዛነፋል። ወረቀታችሁ ላይ «ዳገት በዚህ ኪሎ ሜትር» ብላችሁ ጽፋችሁ ዳገቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀድሞ ቢመጣ ከባድ ማርሽ ላይ ያገኛችኋል። ከመጓዛችሁ በፊት ድረ ገጹን እንደገና ክፈቱ። በመጨረሻው ሳምንትም ለውጥ ሊኖር ይችላል።

2. ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ከስምንት እስከ አሥር ቦታ ምልክት አድርጉ

ፍራንክፈርት ላይ ውድድሩ በላንገን ሐይቅ ውስጥ በመዋኘት ይጀምራል። ስሙ ላንገነር ቫልድዜ ነው፤ ከከተማው በስተደቡብ ይገኛል። ከውሃ ወጥታችሁ በብስክሌት ወደ ከተማው ትገባላችሁ። ከዚያ በስተሰሜን ወዳለው የቬተራው ገጠር የሚወስድ ዙር አለ፤ ሁለት ጊዜ ይዞራል። መጨረሻው ማይን ወንዝ ዳር ነው፤ ሩጫው እዚያ ይጀምራል።

ተወዳዳሪዎች ለሦስት ቦታ ስም አውጥተዋል፤ ስሙንም ሁሉም ያውቀዋል። ቤርገን-ኤንክሃይም ላይ ያለው ዳገት «ዘ ቢስት» ይባላል፣ አውሬው ማለት ነው። ማይንታል ውስጥ ሆኽሽታት በምትባል አሮጌ ሰፈር ያለው ኮብልስቶን «ዘ ሄል» ነው፣ ሲኦል። ባድ ፊልበል ላይ ያለው ዳገት ደግሞ «ሀርትብሬክ ሂል» ነው። እነዚህን ሦስቱን መጀመሪያ ምልክት አድርጉ።

ሌሎቹን ከፋይሉ ፈልጉ። ከቁልቁለት በኋላ ወዲያው የሚመጣ ጠባብ መታጠፊያ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ጠባብ የመንደር መግቢያ፣ ለነፋስ የተጋለጠ ረጅም ሜዳ። ከአሥር በላይ አትምረጡ፤ ሃያ ቦታ ምልክት ያደረገ ሰው በውድድሩ ቀን አንዱንም አያስታውስም።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ቅርብ ለምትኖሩ፣ ከውድድሩ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ያለ እሑድ ከሁሉም ይሻላል። ጀርመን ውስጥ እሑድ ከ7.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪናዎች፣ ከተወሰኑ ዓይነቶች በስተቀር፣ እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ አይወጡም። ያ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ስለምትወጣ በጠዋት መጀመር ትችላላችሁ። በዚህ ጊዜ አንዱን ዙር ሙሉ ብትነዱትም ችግር የለም፤ እግራችሁ ለማገገም በቂ ቀን አለው።

ከሩቅ ለምትመጡ፣ ውድድሩ እሑድ ስለሆነ እንዲህ ከፋፍሉት። ሐሙስ በመኪና። ዓርብ ጠዋት በብስክሌት፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ። ቅዳሜ ብስክሌቱን ታስረክባላችሁ፤ ያን ቀን መንገድ ማየት የለም።

አንድ ወዳጄ ሐሙስ ዕለት «ትንሽ ላየው» ብሎ ወጥቶ 120 ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመለሰ። እሑድ ብስክሌቱን በሚገባ ጨረሰ። ሩጫው ላይ 25ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጭኑ ተቆለፈ። የቀረውን በእግሩ ተራመደው። አጥሩ ጋ ቆሜ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ፤ ልጁ ለዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር።

4. ሙሉውን በመኪና ዙሩ

አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ይጻፍ። እየነዱ ስልክ መያዝ ጀርመን ውስጥ 100 ዩሮና አንድ የቅጣት ነጥብ ያስከፍላል። ከቅጣቱ በላይ ግን፣ ነጂው ማየት ያለበት መንገዱን እንጂ ካርታውን አይደለም።

በመኪና ስትሄዱ እነዚህን ጻፉ፦

- አስፋልቱ የተሰነጠቀበትና የተለጠፈበት ቦታ፣ የትኛው ጎን እንደሚሻል ጭምር
- መታጠፊያው ከመታየቱ በፊት የሚታይ ምልክት፦ ነዳጅ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትልቅ ዛፍ
- ጥላ ያለበትና የሌለበት ክፍል
- መንገዱ ጠቦ ለመቅደም የሚያስቸግርበት ቦታ

የመጨረሻው ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። በአይረንማን ሕግ ከፊታችሁ ካለው ብስክሌት ጋር 12 ሜትር መራራቅ አለባችሁ። ወደዚያ ክልል ከገባችሁ በ25 ሰከንድ ውስጥ ቀድማችሁ መውጣት ግድ ነው። ጠባብ መንደር ውስጥ ይህን ማድረግ ከባድ ስለሆነ ከመንደሩ በፊት ቅደሙ፤ ካልሆነም ወደኋላ ቅሩ።

ምልክት ያለው ነገር በጣም ይጠቅማል። «47ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ቀኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩ ቢጠፋበት ባዶ እጁን ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ወደ ቀኝ» ያለ ሰው ግን ዓይኑ ይበቃዋል።

በዳገት ጉዳይ መኪናን አትመኑ። ሞተሩ ትንሽ ጮክ ይላል፣ እናንተ ወሬ ትቀጥላላችሁ፣ ዳገቱ አለቀ። ስለዚህ ቀጣዩ ደረጃ የግድ ነው።

5. ከባዶቹን ቦታዎች በብስክሌት ሂዱባቸው

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ዘ ቢስት። ኤንክሃይም ታች ነው፣ ቤርገን ላይ ነው፤ ዳገቱ ሁለቱን ያገናኛል። እንጦጦ ላይ ለለመደ ሰው አጭር ነው። ችግሩ ርዝመቱ አይደለም። ከዋና ወጥታችሁ፣ ሜዳውን በፍጥነት በልታችሁ፣ ልባችሁ ገና ሞቅ እያለ የሚመጣ የመጀመሪያው ዳገት ነው። ሕዝቡ ይጮሃል፤ እግር ትኩስ ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ጉልበቱን ይረጫል።

ሁለት ጊዜ ውጡት። በመጀመሪያው የለመዳችሁትን ማርሽ ተጠቀሙ። በሁለተኛው ሁለት ደረጃ ቀላል ማርሽ አስገቡና የዋቱን ቁጥር (እግራችሁ የሚያወጣው ኃይል መለኪያ ነው) አወዳድሩ። ለምን እንደምል በሒሳብ ላሳያችሁ። የእናንተና የብስክሌቱ ክብደት አንድ ላይ 85 ኪሎ ነው እንበል፤ ዳገቱ 8 በመቶ። ፊት 34 ጥርስ፣ ኋላ 25 ጥርስ አድርጋችሁ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትረግጡ ፍጥነታችሁ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ወደ 235 ዋት ይጠይቃል። ኋላውን 30 ጥርስ ብታደርጉት በዚያው አረጋገጥ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ የሚጠይቀው ወደ 195 ዋት ብቻ ነው። በዳገቱ ላይ የምታጡት ጊዜ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። የምታተርፉት 40 ዋት ግን ሩጫው ላይ ይመለስላችኋል። 25 ጥርስ ብቻ ካላችሁ፣ የኋላ ማርሹን ለማስቀየር ገና ጊዜ አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማየት የሚጠቅመው አንዱም ለዚህ ነው።

ከዳገቱ በፊት ማርሽ የምትቀይሩበትን ትክክለኛ ቦታ ፈልጉ። ዳገቱ ላይ ከሆናችሁ በኋላ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጣችሁ የፊቱን ማርሽ ብትቀይሩ ካቴና ሊወጣ ይችላል። ዳገት ላይ ካቴና የወጣበት ሰው መውረድ አለበት፤ እንደገና መነሣቱም መከራ ነው።

ዘ ሄል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኮብልስቶን አዲሱ አይደለም። በቀጭን ጎማ፣ በፍጥነት፣ ኮዳ ተሸክሞ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ ስሄድበት ከመቀመጫው ጀርባ ሁለት ኮዳ ነበረኝ። አሥር ሜትር እንኳ አልሄድኩም። «ቷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው ኮዳ ተስፈንጥሮ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ፣ ከኋላዬ የነበረው ጓደኛዬ ለጥቂት ዳነ። ውስጡ የነበረው የሦስት ሰዓት ምግቤ ነበር።

ላስቲኩ ለዚህ ነው። በኮዳውና በመያዣው ዙሪያ አንድ ጊዜ አዙሩት። ከዚያ እንደ ውድድሩ ቀን ኮዳውን ሞልታችሁ እለፉ። ባዶ ኮዳ አይዘልም፤ የሚዘለው ሙሉው ነው። እጃችሁን ከኤሮባሩ (ክርን አሳርፎ ወደፊት ተዘርግቶ የሚያዝ ዘንግ ነው) አውጥታችሁ መሪውን ያዙ፣ ግን አታንቁት። ክርናችሁን ላላ አድርጉ። አንድ ደረጃ ከባድ ማርሽ አስገቡና ፔዳሉን ሳታቋርጡ እርገጡ፤ ካቴናው ተወጥሮ ስለሚቆይ አይዘልም። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ድጋሚ ሞክሩ። በጣም ከቀነሳችሁ ደግሞ ድንጋዩና ጎማው የታቀፈበት ብረት የውስጥ ጎማውን ቆንጥጠው ይበሱታል። ስትጨርሱ ብሎኖቹን ሁሉ ነካ ነካ አድርጉ። የላላ ብሎን እዚህ ራሱን ያጋልጣል።

ሀርትብሬክ ሂል። ይህ በየዙሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሁለተኛው ዙር ስትደርሱበት እግራችሁ የሰው እግር አይደለም። ስለዚህ ትኩስ እግር ይዛችሁ ዓርብ ጠዋት ወጥታችሁ «ቀላል ነው» አትበሉ። ለሁለተኛው ዙር የምትጽፉት ማርሽ ከመጀመሪያው ዙር አንድ ደረጃ ቀላል ይሁን። ከላይ ስትደርሱም ወዲያው ፍጥነት አትጨምሩ፤ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁና ጠጡ።

6. ነፋሱን እዩ

ቬተራው ክፍት የእርሻ አገር ነው። በፍሪድበርግ በኩል የሚከልል ነገር የሌለበት ሜዳ አለ። ሰዎች ዳገት ብቻ ይፈራሉ። ዳገት ያልቃል፤ ፊት ለፊት የሚመታ ነፋስ ግን አንድ ሰዓት አብሯችሁ ሊሄድ ይችላል።

መኪናውን አቁማችሁ ውረዱ፣ ቁሙ። ዛፉ ወዴት ነው የሚያጋድለው? ባንዲራው ወዴት ይውለበለባል? የነፋስ መተግበሪያ ላይ የጠዋት ሦስት ሰዓትንና የቀትር ሰባት ሰዓትን አወዳድሩ። በፀሐያማ ቀን ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ሁለተኛው ዙራችሁ የሚውለውም ያኔ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያያችሁት ፍጥነት በሁለተኛው ላይደገም ይችላል። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ፍጥነቱ ሲወርድ ደንግጣችሁ አትገፉም።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ለምዳችሁ መቶ ሜትር አካባቢ ወዳለ ከተማ ስትወርዱ ትንፋሽ ይበዛላችኋል። ዓርብ ጠዋት ብስክሌቱ የሚበር ይመስላችኋል። ደስ ይላል፣ ግን ወረቀታችሁ ላይ ያለውን የዋት ቁጥር አትንኩት። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ከለመዳችሁት ሊበልጥ ይችላል።

7. የውሃ ጣቢያዎቹን በሰዓት ቁጠሩ

የተወዳዳሪ መመሪያው ጣቢያዎቹን በኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። እናንተ ወደ ደቂቃ ቀይሩት። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የምትሄዱ ከሆነ፣ 20 ኪሎ ሜትር ማለት 43 ደቂቃ ነው። በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 750 ሚሊ ሊትር የምትጠጡ ከሆነ፣ አንድ ኮዳ ከጣቢያ ጣቢያ ያደርሳችኋል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል? መልሱ በመካከል ዳገት ካለ ይቀየራል፤ ዳገት ላይ ኪሎ ሜትሩ አይሄድም፣ ላቡ ግን ይፈስሳል።

ለመብላት የምትመርጡት ቦታ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሜዳ ይሁን። ከኮብልስቶኑ በፊት አፋችሁ ውስጥ ምግብ አይኑር።

8. ወረቀቷን ጻፉ

ያን ዕለት ማታ ጻፉ፤ ለነገ ከተባለ ግማሹ ይረሳል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ነገር ብቻ፦ ምልክቱ፣ የምታደርጉት፣ ለሁለተኛው ዙር የሚቀየር ነገር ካለ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዙሩን በሐሳብ አንድ ጊዜ ዙሩት። የተደናቀፋችሁበት ቦታ ካለ ቪዲዮ ወይም የመንገድ ፎቶ ከፍታችሁ እዩ።

ማስጠንቀቂያ

መንገዱ ለመኪና ክፍት ነው። ለእናንተ የሚዘጋው በውድድሩ ቀን ብቻ ነው። በቀይ መብራት ቁሙ፣ ቀኝ ያዙ፣ ኩርባ አትቁረጡ።

ከውድድሩ መስመር አንዳንዱ ክፍል በአዘቦት ቀን ለብስክሌት የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ነጭ መኪና ካያችሁ አትግቡ፤ በመኪና ብቻ እዩት። ሰማያዊ ክብ ላይ ነጭ ብስክሌት ካያችሁ ደግሞ በብስክሌት መንገዱ የመሄድ ግዴታ አለባችሁ።

ከተማ ውስጥ የትራም ሐዲድ አለ። ሐዲዱን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት። ጎን ለጎን ከሄዳችሁበት ጎማው ይገባል፣ ትወድቃላችሁ። ዝናብ ከነካው የባሰ ነው።

ኤሮባር ላይ ተኝታችሁ በመኪና መሐል አትሂዱ፤ ፍሬኑ ከእጃችሁ ይርቃል። ብስክሌት ላይ ሆኖ ስልክ መያዝም 55 ዩሮ ያስቀጣል። ለአደጋ ጊዜ 112 ደውሉ።

ብቻችሁን ከወጣችሁና ብስክሌቱ ከተበላሸ ባቡር አለ። ኤስ6 ፍሪድበርግንና ባድ ፊልበልን ከፍራንክፈርት ጋር ያገናኛል። ለላንገን ኤስ3 እና ኤስ4 አሉ። ቦታ እስካለ ድረስ ብስክሌት በነፃ ይጫናል። የእናንተን ቲኬት ግን ቁረጡ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

በልምምድ ጎማ አይቶ በውድድር ጎማ መወዳደር። ሁለቱ ኮብልስቶን ላይም፣ የጎን ነፋስ ላይም አንድ አይደሉም። ጥልቅ ጎማ (የጎማው ጠርዝ ሰፊ የሆነ) ያለው ሰው ነፋሱን በዚያው ጎማ ይሞክረው።

መንገዱን በተገላቢጦሽ መዞር። «ለእኔ ሆቴል የሚቀርበው ከዚህ ነው» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ቁልቁለቱ ዳገት ይሆናል፤ ያያችሁት ሌላ መንገድ ነው።

ዳገት ብቻ አይቶ ቁልቁለቱን መርሳት። ሰው የሚወድቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬን የምትይዙበትን ቦታ ከመታጠፊያው በፊት ምረጡ፣ ውስጡ ሳትገቡ።

ዓርብ ዕለት ከሌላ ሰው ጋር መፎካከር። በዚያ ሳምንት መንገዱ በተወዳዳሪ ይሞላል። የሚቀድማችሁን ሰው ተዉት፣ ይሂድ።

የእኔ ወረቀት

ብዙ ሰው «ምን ብዬ ልጻፍ?» ስለሚለኝ፣ የራሴን ጥቂት መስመሮች ልገልብጥላችሁ።

ቢስት፦ ከመታጠፊያው በፊት ትንሹ ማርሽ። ተቀመጥ። ሕዝቡን አትስማ።
ሄል፦ ኮዳ ንካ። መሪ ያዝ። እርገጥ።
ሜዳው፦ ብላ። ራስህን ዝቅ አድርግ። ፍጥነቱን አትይ፣ ዋቱን እይ።
ሀርትብሬክ፦ 2ኛ ዙር አንድ ደረጃ ቀላል። ላይ ስትደርስ ጠጣ።

እነዚህን በማርከር ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፌ ከመሪው በታች ባለው ብረት ላይ እለጥፋለሁ። የምለጥፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ብስክሌቱን ከማስረከቤ በፊት ነው። ብረቱን በደረቅ ጨርቅ አጽዱት። እሑድ ንጋት ላይ በሐይቁ ዳር ጤዛ አለ፤ እርጥብ ብረት ላይ ፕላስተር አይዝም።